የነፍስ ኄር ጥሩር ማውለቅ አጭር የሕይወት ታሪክ



ዛሬ የምንሸኛቸው ጥሩር ማውለቅ ይባላሉ። ሥራቸው ምክር ነበር። በኮምፒውተር ጨዋታ ዋሻ ውስጥ ብረት አዛጊ አውሬ ብቅ ሲል «የብረት ልብስህን አውልቅ፣ ራቁትህን ግጠመው» ይሉ ነበር።

የዘር ሐረጋቸው ከሆንግ ኮንግ ይመዘዛል። የጨዋታ ደራሲው ጌሪ ጋይጋክስ ከዚያ ከመጡ ርካሽ የፕላስቲክ መጫወቻዎች ምንነቱ የማይለየውን አንዱን አንሥቶ ብረት አዛጊ አደረገው፤ አውሬውም እ.ኤ.አ. በ1975 ግሬይሆክ በተባለው የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጨዋታ ተጨማሪ መጽሐፍ ታተመ። ሟች ግን የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ፣ ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን ካሊፎርኒያ ውስጥ ሮግ የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ሲሠሩ ነው። ኬን አርኖልድ ኋላ መጥቶ ጨዋታውን በማሳደጉ አግዟል።

ሮግ ሥዕል የለውም፤ አውሬ ሁሉ አንዲት የላቲን ፊደል ነው። ብረት አዛጊው፣ በኋላ አኳተር የተባለው፣ ሲመታ ከነፍስ ላይ የሚቀንሰው ዜሮ ነው። የሚሸረሽረው ጥሩሩን ብቻ ነው፣ አንድ በአንድ። እንግዲህ አስቡት፤ የለበሰ ይከስራል፣ የተራቆተ አንዳች አይጎድልበትም። ሌላው አውሬ ነፍስ ሲሻ ይህ ንብረት ብቻ ይሻ ነበርና፣ ሟች ስንቱን ራቁቱን ሲያዋጉ ኖረው በአኳተር ዱላ የሞተባቸው አንድም ሰው የለም። (የቆዳ ጥሩር የለበሱ ድሆች ግን ቆዳ ስለማይዝግ ምክራቸውን ፈልገው አያውቁም።)

ኔትሃክ በተባለው ሌላ ጨዋታ ውስጥ ኑሮ ከበዳቸው። የዚያ አዛጊ ፍጥነት 18 ነው፣ የሰው 12። ሙሉውን የብረት ጥሩር ማውለቅ ደግሞ 5 ዙር ይፈጃል። ማሰሪያው ሳይላላ አውሬው ደርሶ የራስ ቁሩንም ጋሻውንም ያዝገዋል። ወልቆ መሬት ላይ የተተወውንማ ቆርጥሞ ይበላል! እንዳይዝግ የተደረገ ብረት ሲገጥመው ግን ተጸይፎ ይተፋዋል፤ ጣዕም ለይቶ የሚያውቅ አውሬ ነው።

የሟች ሕመም የጀመረው የጨዋታ ሠሪዎች ርኅራኄ ሲበዛ ነው። ደንጀን ክሮል ስቶን ሱፕ የተባለው ጨዋታ አሲድ በዕቃ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ጊዜያዊ አደረገው፤ ጥቂት ከታገሡት ራሱ ይለቃል። እኔ ይህን ደግነት አልወደውም። ከአፍታ በኋላ የሚሽር ዝገት ጉንፋን ነው፤ ለጉንፋን ደግሞ ሰው ልብስ ይደርባል እንጂ አያወልቅም።

አንዳንድ ዘመዶች ሟች ኔትሃክ ውስጥ ዛሬም ትንፋሽ አላቸው ይላሉ። ይኑራቸው። እዚያም ቢሆን ጥሩር የሚያጠነክረውን ብራና አእምሮው በተምታታበት ሰዓት ያነበበ ተጫዋች ጥሩሩ ከዝገት ይድናል፤ ልቡ ተሰብስቦ ያነበበው ይህን አያገኝም። ሟችን ያለ ዕድሜያቸው ጡረታ ያስወጣቸው ይኸው ነው።

ሣጥኑን በምስማር አልመታነውም፣ በጠፍር አስረነዋል። አዛጊው አውሬ ከዋናዎቹ ሐዘንተኞች ጋር ፊት ተቀምጧልና ልታጽናኑት ስትቀርቡ ባለ ዘለበት ቀበቶ የታጠቃችሁ በር ላይ አውልቁ። መሬት ላይ ግን አትተዉት።