የሱሪ እግርን ከመረገጥ ስለማዳን፦ በቆቦ ሜዳ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

በዚህ ጥናት «የሱሪ እግር» ሲባል ከቁርጭምጭሚት በታች የሚንጠለጠለው፣ ለባለቤቱ አንዳች የማይረባው፣ ዋጋው ግን ከሌላው የሱሪ ክፍል ሳይለይ የተከፈለበት ጨርቅ ማለት ነው። «መረገጥ» ሲባል ደግሞ ባለቤቱ በገዛ ተረከዙ የሚፈጽመው ድርጊት ነው። ሌላ ሰው የረገጠው ሱሪ በሽማግሌ ወይም በፍርድ ቤት የሚታይ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልተካተተም።

ለጥናቱ የተመረጠው ከወልድያ ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ጎብዬንና ሮቢትን አልፈው የሚያገኙት የቆቦ ሜዳ ነው። በምዕራብ የጊዳንና የላስታ ደጋ እንደ አጥር ቆሟል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያል፤ መካከሉ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ የሆነ ዝርግ መሬት ነው። ዝርግነቱ ለሳይንስ ይመቻል። ዳገት ላይ የተረገጠ ሱሪ ጥፋቱ የራሱ ይሁን የዳገቱ መለየት አይቻልም። ቆቦ ላይ የተረገጠ ሱሪ ግን የሚያመካኝበት ነገር የለውም።

የችግሩ መነሻ ከወዲሁ ይታወቅ፦ ሱሪው ሲሰፋ የታሰበው እግር ሌላ ነው። ገበያ ላይ በሸራ ተነጥፎ የሚሸጠው የሰልባጅ ጂንስ ወገቡ ውስጥ ሁለት ቁጥር ተጽፎበታል። የመጀመሪያው የወገቡ ነው፣ ሁለተኛው የውስጥ እግሩ። 32 እና 34 ቢል፣ የእግሩ ርዝመት 34 ኢንች ነው፤ 86 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ገዢው የመጀመሪያውን ቁጥር በጥብቅ ይመረምራል። ልብስ ማውለቂያ ቦታ ስለሌለ የሱሪውን ወገብ አንገቱ ላይ ይጠመጥምና ጫፍና ጫፉ ማጅራቱ ላይ መገናኘቱን ያረጋግጣል። (ሱሪ ባንገት ሌላው ቦታ ማስገደድ ነው፤ ገበያ ላይ መለካት ነው።) ሁለተኛውን ቁጥር የሚመረምር ግን የለም። ለእሱ አንገት አልተሰጠውም። ቁመቱ የሚታወቀው ቤት ተገብቶ ሲለበስ ነው፤ ያን ጊዜ ሻጩ ሸራውን ጠቅልሎ ሄዷል።

ከዚህ በኋላ ሱሪው ወደ ልብስ ሰፊው በረንዳ ይሄዳል። ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ባንድ ጉልበቱ ይንበረከክና ሦስት ትእዛዝ ይሰጣል፦ «ጫማዎን ያድርጉ፤ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ወደ ታች አይዩ።» ከባዱ ሦስተኛው ነው። ሰው ስለ እግሩ ሲወራ እግሩን ማየት ይወዳል። ሲያይ ጎንበስ ይላል፤ ጎንበስ ሲል ሱሪው ከኋላ ከፍ ይላል፤ ሰፊውም በደረቀ የሳሙና ስባሪ መስመሩን ከልኩ ዝቅ አድርጎ ያሰምራል። ደንበኛው ቀና ሲል ትርፉ ጨርቅ ተመልሶ መሬት ይነካል። ያ ሱሪ ተከፍሎበት፣ ተቆርጦ፣ ተቀምቅሞ፣ በከሰል ካውያ ተተኩሶም ይረገጣል። በእኔ እምነት ከሚረገጡት ሱሪዎች ብዙዎቹ በመቀስ ሳይሆን በጉጉት የተበላሹ ናቸው።

የተማሪ ዩኒፎርም ለብቻው መታየት አለበት። እናት ሱሪውን የምትገዛው ለዘንድሮው ልጅ ሳይሆን ለከርሞው ነው። ትርፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ በእጅ ይወሰወሳል፤ ልጁ ሲመዘዝ አንዱ እጥፋት ይፈታል። ውጭ የነበረው ጨርቅ በፀሐይና በእጥበት ነጥቷል፤ ከእጥፋቱ የወጣው ክፍል እንደ ጠቆረ ነው፤ የድሮው ጫፍ የነበረበት ቦታ ደግሞ ነጣ ያለ መስመር ሆኖ ይቀራል። የዛፍ ዕድሜ ከግንዱ ቀለበት እንደሚቆጠር ሁሉ የልጁም የትምህርት ዘመን ከሱሪው ሊነበብ ይችላል። አንድ እንቅፋት አለ። ሱሪው ከታላቅ ወንድም የወረደ ከሆነ መስመሮቹ የወንድሙ ናቸው፤ በዚህ ስሌት ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ስምንተኛን የጨረሰ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከመቁጠር በፊት ታላቅ ወንድም መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መከላከያዎቹ እንምጣ። እጅግ የተስፋፋው ወደ ላይ መጠቅለል ነው። ወጪ የለውም፣ ሥልጠና አይፈልግም፣ በመሄድ ላይ እያሉም ይሠራል። ጉድለቱ መፈታቱ ነው፤ የሚፈታውም ሁልጊዜ ባንድ በኩል ብቻ ስለሆነ ባለቤቱ አንድ እግሩ ለቢሮ ሌላው ለእርሻ የተዘጋጀ መስሎ ይታያል። መርፌ ቁልፍ ይከተላል። ዋልተር ሀንት የሚባል አሜሪካዊ በ1849 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዝግቦ፣ የ15 ዶላር ዕዳ ስለነበረበት መብቱን በ400 ዶላር ሸጠው። መርፌ ቁልፍ ሲከፈት ቁርጭምጭሚት ይወጋል፤ ይህን ለዕዳው መታሰቢያ አድርገን ልናልፈው እንችላለን። ሱሪን በስቴፕለር የሚመታ ወጣትም ታይቷል። በዚህ ላይ አስተያየት አልሰጥም።

ከሁሉ የላቀው መሣሪያ የጎማ ቀለበቱ ነው። እስቲቨን ፔሪ የሚባል እንግሊዛዊ የላስቲክ ማሰሪያን ለንደን ላይ በ1845 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዘገበ፤ ያሰበው ወረቀት ለማሰር ነበር። የሱሪው ቀለበት ግን ከፋብሪካ አይመጣም፤ ካረጀ ከመነዳሪ በመቀስ ይቆረጣል። የየትኛው ተሽከርካሪ ከመነዳሪ የሚለው ጥያቄ የዘርፉ ዋና ክርክር ነው። የብስክሌቱ ጠባብ ነው፤ ሱሪውን ይይዛል፣ ደሙንም አብሮ ይይዛል፤ ማታ ሲወጣ ባት ላይ ሌላ ቀለበት ትቶ ነው። የሲኖትራኩ ሰፊ ነው፤ ሁለት እግር ካላስገቡበት አይጠብቅም፣ ሁለት እግር ካስገቡ ደግሞ መሄድ የለም። የባጃጁ ልክ ነው። የባጃጅ ከመነዳሪ ዙሪያው አንድ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ቢቆራረጥ 66 ቀለበት፣ ማለትም 33 ጥንድ ይወጣዋል። አንድ ባጃጅ ጎማው ሲፈነዳ መንገደኛ ያጉላላል፤ በዚያው አደጋ የ33 ሰው ሱሪ ይድናል። የመንገድ አደጋ ዘገባ ሁለተኛውን ጥቅም አይመዘግብም።

ቀለበቱ ከጥቅልል ለምን እንደሚበልጥ ለማየት ወደ ማሽላው መግባት ያስፈልጋል። የቆቦ አርሶ አደር እንደ ጅጉርቴና ደጋሌት ባሉት የአገር ማሽላዎች ላይ ዋና ጠላቱ አቀንጭራ ነው። አቀንጭራ በማሽላው ሥር ተጣብቃ ከመሬት በታች ምግቡን ትመጥጣለች፤ ወይን ጠጅ አበባዋ ብቅ ሲል ጉዳቱ አልቋል። አንዷ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትሰጣለች፤ ዘሩ ከአንድ ሚሊ ሜትር በእጅጉ ያነሰ ብናኝ ነው፤ አፈር ውስጥም ከአስር ዓመት በላይ አድፍጦ ይቆያል። ይህን የሚቋቋሙ ጎብዬና አብሽር የሚባሉ የማሽላ ዝርያዎች ተለቅቀዋል፤ ሲሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። የኛ ጥናት ትኩረት ግን ዘሩ ከማሳ ወደ ማሳ የሚሄድበት መጓጓዣ ላይ ነው። ነፋስ አለ፣ ጎርፍ አለ፣ ከብት አለ። ወደ ውጭ የተጠቀለለ የሱሪ እግርም አለ።

ጥቅልል ማለት ቁርጭምጭሚትን ዞሮ የሚሄድ ኪስ ነው። ከዚህ ኪስ ውስጥ የተገለበጠ አፈር፣ ጭጎጎት፣ የጤፍ ፍሬና አንዳንዴም የባጃጅ መልስ ሳንቲም ይገኛል። እንግዲህ አንድ ባለሙያ ስለ አቀንጭራ መከላከል ግንዛቤ ሊፈጥር ጠዋት አንዱ ማሳ ይገባል፤ ሱሪውን ሁለት ጊዜ ይጠቀልላል፤ አረሙን በእጁ ነቅሎ ለባለድርሻ አካላት ያሳያል፤ ከሰዓት ደግሞ ንጹሕ የሆነውን የጎረቤት ማሳ ይጎበኛል። ትምህርቱ በአፉ፣ ዘሩ በሱሪው ይሄዳል። የትኛው ቀድሞ እንደሚበቅል አርሶ አደሩ ያውቃል። ቀለበት ያሰረ ባለሙያ ግን ኪስ የለውም፤ ትምህርቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

በጥቅልል ብዛትና በሥልጣን መካከል ያለው ዝምድናም ተጠንቷል። ሦስት ጊዜ ጠቅልሎ ጉልበቱ የደረሰው ቀበሌ ላይ የሚኖረው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የጠቀለለው ከወረዳ መጥቷል። ምንም ያልጠቀለለው ከዞን በላይ ነው፤ እሱ ከመኪና አይወርድም። የሱሪ ከፍታ ሲጨምር የውሎ አበል ይቀንሳል፤ ይህ ሕግ እስካሁን ሲጣስ አልታየም።

ሕጉ በግልጽ የሚታየው በጠለፋ ቀን ነው። የራያ ቆላ ገበሬ ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ከጎሊናና ከሆርማት በመሳሰሉት ወንዞች ላይ በአፈር፣ በድንጋይና በእሾህ ቅርንጫፍ አግዶ ወደ ማሳው ይጠልፋል። ጎርፉ ኃይለኛ ሲሆን ግድቡን ጠርጎት ይሄዳል፤ ገበሬውም መልሶ ይሠራል። ዝናቡ የሚጥለው ደጋው ላይ ስለሆነ ቆላው ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ውሃው ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ቁምጣ የለበሰው ሰው አካፋውን ይዞ ይገባል። ሽርጥ የለበሰው ሽርጡን ሰብስቦ ወገቡ ላይ ይሸጉጥና ይገባል። ሙሉ ሱሪ የለበሰው ዳር ቆሞ መጠቅለል ይጀምራል። ቀኙን ጨርሶ ወደ ግራው ሲያጎነብስ ውሃው ደርሶ ሁለቱንም እኩል ያደርግለታል። «አንቱ ባለሙያው፣ ተዉት ይቅርብዎ፤ ውሃው ራሱ ይጠቀልልዎታል» ይሉታል ሽማግሌው፣ በሙሉ አክብሮት።

አገሩ ይህን ችግር ዱሮ ፈትቶት ነበር። የቀድሞው የጥጥ ሱሪ ከባት በታች ጠባብ ነው፤ ተፈሪ ሱሪም ጭኑ ላይ የፈለገውን ያህል ቢነፋ ከጉልበት በታች እግርን አጥብቆ ይይዛል። የሚረገጥ ጨርቅ የለም፤ ብዙ ጊዜም የሚረግጥ ጫማ አልነበረም። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የተነሡትን የክቡር ዘበኛ ፎቶግራፎች ይመልከቱ። ቤልጂጎች ያሠለጠኑት ወታደር ካኪ ለብሶ፣ ባቱን እስከ ጉልበቱ በጨርቅ ጠቅልሎ ባዶ እግሩን ቆሟል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከቆቦ በስተሰሜን ማይጨው ላይ የተዋጋው ይህ ሠራዊት በሌላ ብዙ ነገር ተበልጧል፤ በሱሪ እግር ግን የሚነቀፍበት አልነበረም።

ፈረንጅ በበኩሉ ብዙ ደክሟል። የለንደኑ ጌጠኛ ቦ ብሩሜል በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሱሪው ወደ ላይ እንዳይሰበሰብ ከጫማው ሥር በሚያልፍ ማሰሪያ ይወጥረው ነበር፤ ሱሪውን እንዳይረግጥ ራሱ ረገጠው ማለት ነው። ይህ ዘዴ እዚህ አይሠራም፤ የኛ ፈረሰኛ እርካቡን እንኳ በአውራ ጣቱ ብቻ ይይዝ ነበርና እግሩ ሥር ሌላ ነገር አይፈልግም። እንግሊዞች ደግሞ በ1942 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ጨርቅ ሲያስወድድ ወደ ውጭ የታጠፈ የሱሪ እግር በመንግሥት ደንብ ከለከሉ። ጥቅልልን በአዋጅ ያስፈታ መንግሥት አቀንጭራ የሌለበት አገር ያስተዳድራል ብሎ መገመት ይቻላል። እኛም በ1960ዎቹ ቤልቦተም ታጥቀን የአዲስ አበባን አስፋልት ጠርገናል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ የጫማ ተረከዝ ማስረዘም ነበር፤ ሱሪውን ከማሳጠር ሰውየውን ማስረዘም ተመረጠ።

ጫማ ከተነሣ አይቀር፣ ልኩ በጫማ የተወሰደ ሱሪ ጫማ ሲወልቅ ይረዝማል። ቆቦ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወደ ጸሎት ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፤ ሶሉ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሱሪውም በሦስት ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ሙስሊሙ ውዱእ ሲያደርግ ሱሪውን ከፍ ስለሚያደርግ በዚህ ረገድ ቀድሞ ተዘጋጅቷል። ክርስቲያኑ ደጀ ሰላሙን ሲሳለም ነው የሚያውቀው፤ ያኔ የሚገባው መስገድ ነው እንጂ መጠቅለል ነውር ነው።

ቀለበቱ ሁለት እንከኖች አሉት። አንደኛው፣ ከሙሉ ልብስ ጋር አይሄድም፤ ለሠርግና ለችሎት አውልቆ ኪስ ውስጥ መክተት ግድ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይከተላል፦ ከኪስ ይጠፋል። ጥንዱ አንድ ላይ ጠፍቶ አያውቅም፤ አንዱ ይጠፋል፣ አንዱ ይቀራል። የቀረውን ጥሎ አዲስ ጥንድ ማስቆረጥ ብክነት ነው። ቆቦ ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት ይነዳበታል፤ የብስክሌት ካቴና ያለው ደግሞ በቀኝ በኩል ብቻ ነው። ነጠላ ቀለበት የቀረው ሰው ለብስክሌተኛ ይስጠው።