ሲሸጥ ያወጣል ወይ? የአዲስ አበባ መኪና ወዳዶች ምርጫ ሲመረመር

1. መግቢያ

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ይነዳል፤ መኪና የሌለው ሰው ያማክራል። ስለ መኪና የተከማቸው ዕውቀት በአመዛኙ የሚገኘው ሁለተኛው ወገን ዘንድ በመሆኑ ይህ ጥናት ለእርሱ ተገቢውን ክብር ሰጥቶ ይነሣል። የጥናቱ ጥያቄ አጭር ነው፦ ሥራ መመላለሻ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረሻና ቅዳሜ አስቤዛ መሸመቻ የምትሆን አንዲት የቤት መኪና የምትመረጠው እንዴት ነው?

2. የጥናቱ ቦታና ዘዴ

ጥናቱ የተካሄደው ላቫጆ ነው። ቦታው የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ መኪናዋ አረፋ ለብሳ ትቆማለች፣ ባለቤቷ ሥራ ይፈታል፣ ማኪያቶም በቅርብ ይገኛል። እነዚህ ሦስቱ በአንድነት ሲሟሉ ክርክር ይወለዳል። ናሙናው የተወሰደው በዘፈቀደ ሳይሆን በወረፋ ነው።

3. አራቱ አስተምህሮዎች

ሀ. ቪትዛውያን። በቁጥር የሚበልጡት እነዚህ ናቸው። ቪትዝ ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ የዋለችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። መልኳን የነደፈው ሶቲሪስ ኮቮስ የተባለ ግሪካዊ ሲሆን፣ ያሪስ በሚለው ስሟ እ.ኤ.አ. የ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተሸልማለች። ቪትዛውያን ይህን ሁሉ አያነሡም። የሚያነሡት ነዳጅ እንደማትጠጣ፣ መለዋወጫዋ በየመንደሩ እንደሚገኝና ሌላ መኪና በማይገባበት ቦታ እንደምትቆም ነው።

ተቃዋሚዎቻቸው የሚያነሡባቸው ነጥብ መሪውን ይመለከታል። ጃፓን በግራ ትነዳለች፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ትነዳለች። ስለዚህ በዱባይ በኩል ከመጡት ቪትዞች በርካቶቹ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች የፍጥነት ማሳያ ግን የተተከለው ዳሽቦርዱ መሐል ላይ በመሆኑ፣ በዚህ ሁሉ ውዝግብ ውስጥ ገለልተኛ አቋሙን ጠብቆ ቆይቷል።

ለ. ኮሮላውያን። ወግ አጥባቂዎች ናቸው። ኮሮላ መመረት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን እስካሁን ከ50 ሚሊዮን በላይ ተሸጣለች፤ ኮሮላውያን ግን የሚያምኑት የእነርሱን ብቻ ነው። ዋና የመከራከሪያ ስልታቸው የድሮዋን ኮሮላ ዲኤክስ ኮፈን በጣት አንኳኩቶ «ይሄ ብረት ነው» ማለት ነው። ከዚያ ወደ ቪትዟ ኮፈን ዞረው ይመለከታሉ። አያንኳኩትም።

ሐ. አውሮፓውያን። ሁሉም አዲስ አበባ የተወለዱ ናቸው። ስለ ቮልስ፣ ስለ መርሴዲስና ስለ ቢኤምደብሊው ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም አየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም፣ ውሃም አትጨርስም። የባለቤቷን ቅዳሜ ግን ትጨርሳለች። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትመረት ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ ይህም ለአውሮፓውያኑ የመለዋወጫ ችግር ጊዜያዊ መሆኑን ያረጋግጣል። ከዚህ ወገን ላቫጆው ውስጥ የተገኙት በሙሉ በእግር የመጡ ናቸው። መኪኖቻቸው ጋራዥ ነበሩ።

ስለ ላዳ ልዩነት የለም። ከፊያት 124 የተቀዳች፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ቶግሊያቲ ውስጥ የተመረተች፣ ጠዋት አልነሣ ስትል በማናቤላ የምትነሣ መኪና ናት። አራቱም ወገኖች በአንድ ድምፅ ያመሰግኗታል፤ አንዳቸውም አይገዟትም።

መ. ባትሪያውያን። ታሪካቸው አጭር ነው። ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ቁጥራቸው በርክቷል። ከሌሎቹ የሚለዩት ሳይንሳዊ ማስረጃ በማቅረባቸው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ጃፓን ውስጥ 70 የፈረስ ጉልበት የነበራት ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ፣ እኛ ዘንድ ስትደርስ 50 ጥቂት አለፍ ያሉ ፈረሶች ይቀሯታል፤ አራት ሰው ጭና ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ነጂው ኤሲውን ያጠፋል፣ ተሳፋሪዎቹም ወሬ ያቆማሉ። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም። ባትሪያውያን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ስላለው የሕዳሴ ግድብ የሚያወሩት ስለ ግል ማደያቸው በሚመስል ኩራት ነው። ሰፈሩ መብራት ሲጠፋበት ርዕስ ይቀይራሉ።

4. ዋናው ግኝት

አራቱ አስተምህሮዎች በመነሻቸው ቢለያዩም በመድረሻቸው አንድ ናቸው። የነዳጅ ፍጆታ፣ የሻንሲ ጥንካሬ፣ የፍሪሲዮን ዕድሜና የባትሪ መጠን ከተተነተነ በኋላ ማኪያቶው ሲያልቅ የሚነሣው ጥያቄ ሁልጊዜ ይኸው ነው፦ «ሲሸጥ ያወጣል ወይ?» በጥናቱ ወቅት የተሰማው የሚከተለው ምልልስ ነገሩን ጠቅልሎ ያሳያል።

«ጋሼ፣ ምን ልግዛ?»

«ለራስህ ነው ለንግድ?»

«ለራሴ።»

«እንግዲያው ምን ቸገረህ፣ የሚሸጥ ግዛ።»

ቀለም ላይ ይህ ሕግ ፍንትው ብሎ ይታያል። ቀይ የሚወድ ሰው ነጭ ይገዛል። ቀይ ገዢ ያጠብባላ! ከእርሱ የሚገዛው ሰውም ምናልባት ቀይ ወዳጅ ነው፤ ነገር ግን እርሱም በተራው የሚሸጥለት ሰው ስላለ ነጩን ይመርጣል። በዚህ መንገድ ቀይ የሚወዱ ሰዎች ነጭ መኪና እየተሸጣሸጡ ዕድሜያቸውን ይገፋሉ።

ለዚህ ክስተት ንድፈ ሐሳብ ያዘጋጀው እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ጆን ሜይናርድ ኬንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ አንድ የጋዜጣ ውድድር ይናገራል፦ ከ100 ፎቶግራፎች ውስጥ 6 ቆንጆዎችን መምረጥ። የሚሸለመው ለራሱ ያማሩትን የመረጠው ሳይሆን ምርጫው ከብዙኃኑ ምርጫ የገጠመለት ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሌሎቹ ምን ይመርጣሉ ብሎ ያሰላል። ኬንስ ይህን የጻፈው ስለ አክሲዮን ገበያ ነው። ላቫጆ አልነበረውም።

ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ ከባድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚመርጠው ገዢው አይደለም፤ ከገዢው የሚገዛው ነው። ያም ሰው የሚመርጠው ለሚቀጥለው ነው። ጥናቱ ይህን ሰንሰለት ተከትሎ ለራሱ ብሎ የሚገዛውን የመጨረሻውን ሰው ፈለገ፤ ያገኘውም ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ መኪናዋ ተበትና ሞተሪኖዋ ለብቻ፣ ካምቢዮዋ ለብቻ፣ ፍሬቻዋ ለብቻ ይሸጣል። መለዋወጫው የሚገዛው ደግሞ በሕይወት ላሉት እህቶቿ ነው፤ እህቶቿም የተገዙት መለዋወጫ ይገኝላቸዋል ተብሎ ነው። ቪትዛውያን ትክክል ናቸው፤ ትክክል የሆኑትም ብዙ ሰው ትክክል ናቸው ብሎ ስለሚያምን ነው።

ሌላው ማስረጃ የቀድሞ ባለቤት ማንነት ነው። «የሴት መኪና ናት» ወይም «የሐኪም መኪና ናት» የሚለው መግለጫ ከማንኛውም የመካኒክ ምርመራ በላይ ዋጋ ይጨምራል። ሐኪም ፍሬን ሲይዝ ከሌላው ሰው በምን እንደሚለይ የሚያስረዳ አልተገኘም፤ የጠየቀም የለም።

5. በንድፈ ሐሳቡ ላይ የተነሣ ቀውስ

መኪና ባረጀ ቁጥር ዋጋዋ የሚወርድባቸው አገሮች እንዳሉ በመጻሕፍት ተጽፏል። እኛ ዘንድ በታክሱ፣ በምንዛሬውና በ2016ቱ ክልከላ ጥምረት፣ ተነድታ፣ ተጋጭታና ስቱኮ ተለጥፎባት ከተገዛችበት በላይ የምትሸጥ ቪትዝ ማየት የተለመደ ነው። ባለቤቷ በነዳት ቁጥር ይበለጽጋል፤ ስለዚህም እንዳትጎዳበት አይነዳትም።

ቀውሱን ያመጡት ባትሪያውያን ናቸው። አምራቾች በአብዛኛው ለባትሪ የ8 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ እኛ አገር ግን የ8 ዓመት መኪና ገና ጡት ያልጣለች ሕፃን ናት። «ባትሪው ሲደክም ማን ይገዛዋል?» የሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም። ሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ የሚቆም ሰው ገና አልታየም፤ ሶማሌ ተራም ለጊዜው ዝም ብሏል። በመሆኑም ባትሪያውያን መኪና የገዙት ለመንዳት ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ያልተለመደ ሁኔታ በብዙዎቹ ፊት ላይ ይነበባል።

6. ምክረ ሐሳብ

አንደኛ፣ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው በመጀመሪያ የራሱን ፍላጎት አጥርቶ ይወቅ፤ ካወቀ በኋላ ወደ ጎን ያድርገው።

ሁለተኛ፣ ምክር ከአራቱም ወገን ይሰማ፤ መካኒኩን ግን መጨረሻ ላይ ይጠይቅ። መካኒክ እውነቱን ስለሚናገር ክርክሩን ያለ ጊዜው ይዘጋዋል።

ሦስተኛ፣ መኪና ወዳድ ነኝ የሚል ሰው መኪና ባይገዛ ይመረጣል። ከገዛ መንዳት ይጀምራል፤ ለማማከርም ጊዜ አይኖረውም።

7. የጥቅም ግጭት መግለጫ

አጥኚው ከየትኛውም ወገን ገንዘብ አልተቀበለም። ለግልጽነት ሲባል ብቻ የሚከተለው ይገለጻል፦ አጥኚው ቪትዝ አለው። ነጭ፣ ሞተሯ ያልተነካ፣ ስቱኮ የማታውቅ፣ ቦሎዋ የታደሰ፣ በሴት ሐኪም እጅ የነበረች። ዋጋው በስምምነት። ደላላ ባይደውል ይመረጣል።