የጥልፍ ጀርባ፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሳሎኖች የተካሄደ ጥናት

«ጠለፈ» የሚለው ግስ በአማርኛ ብዙ ሥራ ተጭኖበታል። ወንበዴ አውሮፕላን ይጠልፋል፤ ሰላይ ስልክ ይጠልፋል፤ ተከላካይ ከኋላ ደርሶ የአጥቂ እግር ይጠልፋል፤ ለትዳር ብሎ የሰው ልጅ የሚጠልፍም ነበረ፣ አለም። ከዚህ ሁሉ በወንጀል ሕግም ሆነ በእግር ኳስ ደንብ የማያስቀጣው ቀሚስና የትራስ ልብስ መጥለፍ ብቻ ነው። ጥናታችን የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ሲሆን፣ በመስክ እንደተረጋገጠው ግን እሱም ያስቀጣል። ቅጣቱን የሚጥሉት አማት ናቸው፤ ማስረጃቸውን የሚሰበስቡትም ከጀርባው ነው።

ሦስቱ ከተሞች የተመረጡበት ምክንያት ሳይንሳዊ ነው፤ በሦስቱም ዘመድ አለን። («እኛ» የምንለው እኔን ነው፤ የምርምር ደንብ ሆኖ ነው።) ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ አዲስ አበባን ከበው የተቀመጡ ናቸው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል። የመስክ ጉዞው በሚኒባስ ከአየር ጤና፣ ከአስኮና ከአዲሱ ገበያ እየተነሳን የተደረገ ነው። ናሙናው ሦስት ሳሎን ነው፦ ሰበታ የአክስታችን፣ ሱሉልታ የባለቤታችን ታላቅ እህት፣ ቡራዩ የአማታችን። እያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ ከአቦል እስከ በረካ የፈጀ በመሆኑ፣ በአቦል የተሰጠ ቃል በበረካ ተሽሮ የተገኘበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ የበረካውን ይዘናል።

ቀደምት ጽሑፎችን ፈትሸናል። ቴሬዝ ዴ ዲልሞን የተባለች ኦስትሪያዊት በ1886 እ.ኤ.አ. ስለ መርፌ ሥራ አንድ ሙሉ ኢንሳይክሎፔዲያ አሳትማለች። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ ዓለምን ያዳረሰ ሲሆን ስለ ቴሌቪዥን ልብስ ግን አንድ ቃል የለበትም። ክፍተቱን የመሙላት ኃላፊነት በእኛ ላይ ወድቋል።

የቴሌቪዥን ሥርጭት በኢትዮጵያ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜና ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ቴሌቪዥን ትከሻ ነበረው፤ ሰፊ፣ ሙቅ፣ ጥልፍና ዳንቴል የሚሸከም ትከሻ። በላዩ የተጠለፈው ጨርቅ ተዘርግቶ ጫፉ በሦስት ማዕዘን ወደ መስተዋቱ ይወርዳል፤ ዜና አንባቢው ግንባሩ ላይ ጽጌረዳ አስሮ ዜና ያነባል። በጨርቁ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ጎን የምረቃ ፎቶ ይቆማል። ኋላ ፍላት መጣ። ጣት በማታህል ጠርዝ ላይ ምንም አይዘረጋም። የሳሎን ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን መፈናቀል እንዴት ዝም ብለው እንዳለፉት ሊገባን አልቻለም፤ በአንድ ትውልድ ውስጥ ያ ሁሉ ጥልፍ ቤት አልባ ሆኗል።

የተፈናቀለው የት ገባ? በሦስቱም ሳሎኖች ባደረግነው ቆጠራ አምስት እርከን ለይተናል። የመጀመሪያው የሶፋ መደገፊያ ነው፤ እንግዳ የሚያየው፣ ጭንቅላት የማያሳርፍበት። ሁለተኛው ትራስ ነው፤ «መልካም ሕልም» የሚል ተጽፎበት በቀን ብቻ አልጋ ላይ የሚቀመጥ፣ ማታ ሕልም ሊታይ ሲል የሚነሳ። ሦስተኛው ፍሪጅ፣ አራተኛው ሪሲቨር፣ አምስተኛውና የመጨረሻው የጀሪካን ክዳን ነው። ጀሪካን በሳሎን ጥናት ውስጥ መግባቱ የሚገርመው አንባቢ ቢኖር ቡራዩን አያውቅም ማለት ነው። የገፈርሳ የውኃ ማጠራቀሚያ ቡራዩ ጥግ ላይ ተኝቶ አዲስ አበባን ያጠጣል፤ አማታችን ቤት ግን ውኃ የሚመጣው በተራ ነው፤ እስከዚያው ቢጫዎቹ ጀሪካኖች ከሳሎኑ በር ኋላ ተሰልፈው ይቆማሉ። የቆመ ነገር ደግሞ ይለበሳል።

ስለ ሥዕሎቹ አንድ የሥነ ሕይወት ማስታወሻ እናስገባለን። ከሦስቱ ሳሎኖች በሁለቱ፣ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበተነ የፈረንጅ አጋዘን ሐይቅ ዳር ቆሞ ተገኝቷል። ይህ እንስሳ ከሰሃራ ወዲህ በዱር አይኖርም፤ በሰበታና በሱሉልታ ግን በሶፋ ላይ ይራባል። በአንጻሩ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለው ደጋ አጋዘን በአንድም ሳሎን አልታየም። አክስታችን ምክንያቱን ስትጠየቅ «ቀንዱ ይጠማዘዛል፤ ቁጥሩ ያስቸግራል» አለች። ብርቅዬ እንስሳችን በዱር ስለሚደርስበት ችግር ብዙ ተጽፏል፤ በመርፌ ስለሚደርስበት መገለል ግን ይህ የመጀመሪያው ይመስለናል።

አክስታችን ትክክል ናት። መስቀለኛ ጥልፍ፣ ፈረንጆቹ ክሮስ ስቲች የሚሉት፣ በካሬ ላይ ካሬ እየቆጠሩ የሚሠሩት ነው፤ ክብ ነገርን አይወድም። ጨርቁ ቀዳዳው በእኩል ተሰድሮ የተሸመነ ጥጥ ሲሆን የዓለም ገበያ ስሙ አይዳ ነው። መርካቶ ገብተን «አይዳ አለ?» ብንል ሻጩ «ዛሬ አልመጣችም» አለን። መልሱ የዋዛ ቢመስልም ከታሪክ ጋር አይጋጭም። በታኅሣሥ 1864 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የቨርዲ ኦፔራ «አይዳ»፣ ግብጾች ማርከው ባሪያ ያደረጓትን የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ታሪክ ይተርካል። በመድረኩ ላይ ድሉ የግብጽ ነው። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1868 ዓ.ም.፣ ነገሩ ጉንዴትና ጉራ ላይ በእውን ሲሞከር አፄ ዮሐንስ ድርሰቱ ስላልደረሳቸው መጨረሻው ሌላ ሆነ። ያም ሆነ ይህ፣ አንድ ጊዜ ተጠልፋ የሄደችው አይዳ ዛሬ በየሳሎኑ እንደ አዲስ ትጠለፋለች። ሻጩ በመጨረሻ የገባው «ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጨርቅ» ስንለው ነው።

የተለመደው ባለ 14 ቁጥር ነው፤ በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሴንቲ ሜትር፣ 14 ካሬ ይይዛል። በሴንቲ ሜትር አምስት ተኩል መሆኑ ነው። እንግዲህ ጎኑ 110 ካሬ የሆነ ንድፍ 20 ሴንቲ ሜትር በ20 ይወጣዋል፤ ለመወጠሪያ በየጎኑ ቢያንስ አራት ጣት መተው ግዴታ ነው። በውስጡ 12,100 መስቀል ይገባል። እያንዳንዱ መስቀል መምህር በተሳሳተ መልስ ላይ የሚያደርገው ኤክስ ነው፤ አጥኚው በአሥራ ሁለት ዓመት የትምህርት ዘመኑ ያን ያህል እንዳላገኘ በእርግጠኝነት ይናገራል። በሰዓት መቶ መስቀል የምትሰፋ ሴት 121 ሰዓት ያስፈልጋታል። የልምምድ ማዕከሉ ሱሉልታ የሚገኘው ቀነኒሳ በቀለ በመስከረም 2012 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ጨርሷል። በዚያ ፍጥነት ሳያርፍ ቢሮጥ አንዲት ትራስ እስክታልቅ ወደ 60 ማራቶን ይደርስለታል። ሜዳልያ የተሰጠው ለእሱ ነው።

ወደ ጀርባው እንምጣ። የጥልፍ ፊት ስለ ሠሪዋ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ንድፍ የተከተለ ሁሉ አጋዘን ያወጣል። ልዩነቱ ሲገለበጥ ነው። በሦስቱም ቤት ጥልፍ ስናመጣ ባለቤቶቹ አንድ ዓይነት ነገር አደረጉ፦ ፊቱን ሳያዩ ገለበጡት።

ምን እንደሚፈልጉ በጥያቄ ደርሰንበታል። አንደኛ ቋጠሮ። ክር ሲጀመር አይቋጠርም፤ ጫፉ በጣት ተይዞ የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ስፌቶች ይረግጡታል። ሲያልቅም በተሰፋው ሥር ሾልኮ ይቆረጣል። ቋጠሮ ያለበት ጥልፍ ሲተኮስ እንደ ብጉር ወደ ፊት ይወጣል። ሁለተኛ ዝላይ። ጥቁር ክር ከአጋዘኑ ዓይን ወደ ኮቴው በጀርባ በኩል ከተዘለለ በነጩ ጨርቅ ውስጥ ጥላው ይታያል፤ «አውራ ጎዳና» ይሉታል ሱሉልታ። ሦስተኛ የክር ርዝመት። ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ይበቃል። ከዚያ የረዘመ ይጠመዘዛል፣ ይፋቃል፣ ይተበተባል፤ የባለቤታችን እህት እንደምትለው ክር የሚያስረዝመው መርፌ ቀዳዳ ማስገባት የታከተው ሰው ነው። የተጠመዘዘውን ለመፍታት መርፌውን ለቅቆ ወደ ታች ማንጠልጠል ነው፤ ራሱ ዞሮ ዞሮ ይፈታል።

ክሩን በተመለከተ፦ ዲኤምሲ የሚባለው፣ በ1746 እ.ኤ.አ. ዛሬ የፈረንሳይ በሆነችው ሙሉዝ ውስጥ የተቋቋመው ድርጅት የሚያወጣው፣ ስድስት ቀጫጭን ክር አንድ ላይ ነው። ለባለ 14 ጨርቅ ሁለቱ ብቻ ተመዘው ይወጣሉ። ስድስቱንም አንድ ላይ የሰፋ ሰው ጥልፍ ሳይሆን ምንጣፍ ይሆንለታል። አክስታችን ስለ ሁለቱ እግሮች አጥብቃ ታስተምራለች፦ በሁሉም መስቀል ላይ ከላይ የሚያርፈው እግር ወደ አንድ አቅጣጫ መጋደም አለበት፤ አለዚያ ብርሃን ሲያርፍበት ጨርቁ ያበጠ ይመስላል። ይህን ጥንቃቄ ከጌቴሴማኒ ገዳም እማሆዮች የተማረችው እንደሆነ በአቦል ነግራናለች፤ በበረካ ግን ከእናቷ ሆነ።

ጥናቱ በሙከራ እንዲደገፍ አጥኚው ራሱ ጠልፏል። ንድፉ 44 ካሬ በ44 የሆነ ቀይ መስቀል ነበር፤ 8 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ጨርቁን አራት አጥፎ ከመሐል ጀመረ፤ እስከዚህ ድረስ ሳይንሱ ተጠብቋል። ከዚያ በኋላ ቋጥሯል፣ ዘልሏል፣ ክሩንም እስከ ትከሻ አስረዝሟል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሥራው ተጣጥፎ ቡራዩ ደረሰ።

አማታችን ተቀበሉን፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ገለበጡት። ለረጅም ጊዜ አዩት። በጣታቸው አንዱን ቋጠሮ ዳበስ አደረጉና «ልጄ፣ እጅህን አመመህ?» አሉ። አላመመኝም አልን። «እሺ» አሉ፤ ፊቱን ሳያዩ ተነሥተው ከበሩ ኋላ ከቆሙት መሐል በጫፈኛው ጀሪካን ክዳን ላይ ዘረጉት። በሠንጠረዣችን መሠረት አምስተኛ እርከን ነው።

ቀይ ክር ከመሰፋቱ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ ተነክሮ ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁ እንደሚታይ ሦስቱም ሴቶች በየፊናቸው ነግረውን ነበር፤ ማስታወሻችን ላይም ሰፍሯል። ሐሙስ ሌሊት ቡራዩ ውኃ መጣ። ዓርብ ጠዋት አማታችን ደውለው ጀሪካኑ ሮዝ እንደሆነ ነገሩን።