ፀሐይ በምሥራቅ ስትጠልቅ

ዘንድሮ ነታንያ ውስጥ ቤት በቀን ብርሃን አይሸጥም አሉ። ደላላው ነው ያለው። ፎቶው የምሽት ካልሆነ፣ ሰማዩ ሰማያዊ መስኮቱ ሁሉ ወርቅ ካልመሰለ፣ ገዥ ዞር ብሎ አያየውም። ልጆቼ ደግሞ «ደረጃው ከበዳችሁ» ብለው፣ ሄፍጺባ ሰፈር ያለችውን፣ መሽካንታዋን (የቤት ብድሯን) ከፍለን የጨረስናትን ቤት ለደላላው ሰጡብኝ።

ጎንደር ሳለን ዓርብ ጀምበር ሳትጠልቅ እሳት አጥፍተን ሰንበትን በጨለማ እንቀበል ነበር። የደላላው ፎቶ አንሺ ግን ገና ሲገባ የሽንት ቤቱን ሳይቀር አምፖል ሁሉ አበራ፤ ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል አልጠየቀም። ከዚያ መሶቡ ይነሣ፣ ረከቦቱ ይነሣ፣ የልጅ ልጆቼ የውትድርና ፎቶ ይነሣ። እኔም ተነሣሁ። በምትካችን አንድ ሳህን ሎሚ አስቀመጠ። አይበላም፣ አይጨመቅም፤ ይታያል።

ሥራውን አልንቅም። አንዱን ክፍል አጨልሞም አብርቶም ደጋግሞ ያነሣና ኮምፒውተር ላይ ያዋህደዋል፤ አለዚያ ክፍሉ ሲታይ መስኮቱ ነጥቶ ይጠፋል። ግን ሁለት ሴቶች የማይተላለፉባት ወጥ ቤታችን በሰፊው ሌንስ ሰርግ የምትችል ሆነች።

ይሁን። ከተማዋ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1929 ስትቆረቆር፣ ናታን ስትራውስ የሚባል የኒው ዮርክ ባለጸጋ እጁን ይዘረጋል ተብሎ በስሙ ተሰየመች ይባላል። ባለገንዘብ ማባበል እዚህ የቆየ ነው።

ያንገበገበኝ ምሽቱ ነው። እዚህ ምሽት በነጻ ነው፤ ገደሉ አፋፍ ቆሞ ፀሐይ ባሕር ስትገባ ማየት ነው። ያ ሰማያዊነት ከአምፖሉ ጋር የሚስማማው ከዚያ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በሰኔ ግን ጀምበር የምትጠልቀው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነው፤ ፎቶ አንሺው «ማን ይጠብቃል?» ብሎ በቀትር አንሥቶ ሄደ። «አባባ፣ ምሽቱን ኮምፒውተሩ ይጨምርበታል» አለችኝ የልጅ ልጄ፤ ጨው የሚጨመር ይመስል።

ፎቶው ሲመጣ ሰማዩ ቀልቷል፣ ከበረንዳዬ ማዶ ፀሐይ እየጠለቀች ነው። በረንዳዬ የሚያየው ወደ ምሥራቅ ነው! ባሕሩ ከጀርባችን ነው፤ ከእሱ የሚደርሰን የመስኮቱን ብረት የሚያዝገው እርጥበት ብቻ ነው። ለደላላው ብነግረው፣ «አባ፣ ገዥ ኮምፓስ ይዞ አይመጣም» አለኝ።

ጸሎተኛ ከሆነስ? ኢየሩሳሌም ከዚህ በደቡብ ምሥራቅ ናት። ፎቶውን ያመነ ሰው ጀርባውን ለኢየሩሳሌም ሰጥቶ፣ ዕድሜ ልኩን ለዓሣ ሲሰግድ ሊኖር ነው።