ሲስተሙ ተጭኗል፤ ካርድዎን ይዘው ይምጡ

ደብረ ብርሃን፣ አንኮበርና አካባቢው ላይ የኤሌክትሮኒክ ሕክምና መዝገብ ልታስጭኑ ለምታስቡ ኃላፊዎች ሁሉ፣ ከወዲሁ እንኳን ደስ ያላችሁ። ምርጫችሁ ግሩም ነው። ኦፕን ኤምአርኤስ እ.ኤ.አ. በ2004 ተጀምሮ ኬንያ ኤልዶሬትና ሩዋንዳ ላይ የተፈተነ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበት ሶፍትዌር ነው። በነጻ ስለተገኘም ለሚያስተዳድረው ባለሙያ ደመወዝ፣ ለባትሪና ለመጠባበቂያ ቅጂ በጀት መያዝ ነውር ነው። በነጻ ዕቃ ላይ ብር የሚያፈስ ኃላፊ ኦዲተር ፊት ምን ይላል?

መጫኑ አያስቸግርም። ጃቫ፣ ቶምካት፣ ማይኤስኪውኤል፤ አንድ ኮምፒውተር የሚያውቅ ልጅ ከምሳ በኋላ ይጨርሰዋል። የሚያስቸግረው ሪባኑ ነው፤ ቀለሙ፣ መቀሱን ማን ይያዝ፣ ባነሩ ላይ የማን ፎቶ ይቅደም። ጊዜያችሁን እዚያ ላይ አውሉት።

«ማዋቀር» የሚሉትን ነገር ግን አደራ አትንኩት። አብሮት የመጣውን የይለፍ ቃል፣ አድሚን 123ን፣ እንዳለ ተዉት። መላው ዓለም ስለሚያውቀው ብትረሱት እንኳ ማንም ያስታውሳችኋል፤ የሕሙማኑም ምስጢር በዚያው ልክ በብዙ ሰው ይጠበቃል። «የቤተሰብ ስም» የሚለውንም ሳጥን አትቀይሩት። ለካርድ ክፍሉ መስኮት ጨዋታ ይሆናል፦

«እማማ፣ የቤተሰብ ስም?»

«የቱ ቤተሰብ ልጄ? የአባቴ ነው የባሌ?»

«እንጃ፤ ሲስተሙ አንድ ይፈልጋል።»

«እንግዲያ የፈለገውን ይውሰድ።»

የትውልድ ዘመን ሲጠየቁ «ጣልያን በወጣ በዓመቱ» ይላሉ። ጸሐፊው በጣቱ ቆጥሮ፣ ወደ ፈረንጅ ዘመን ለውጦ ጃንዋሪ 1 ይላል። የአውራጃው አዛውንት በሙሉ አንድ ቀን ልደት ያከብራሉ ማለት ነው። በጳጉሜን የተወለደ ምን ይሁን? አይወለድ! የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሠሩት የጤና መረጃ ሲስተም፣ ዲኤችአይኤስ 2፣ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ ይህ ግን የኖርዌይ ጣጣ ነው፤ እኛን አይመለከተንም።

ስለ ፊደል ደግሞ ስምምነት የሚባል ነገር እንዳታደርጉ። አንዱ ጸሐፊ ኃይሉ፣ ሌላው ሀይሉ፣ የማታው ተረኛ ሐይሉ ብሎ ይመዝግብ። አንድ የስኳር ሕመምተኛ ሦስት ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል። ሐኪሙ የትናንቱን መድኃኒት ፈልጎ ያጣዋል እንጂ፣ ለሪፖርት ሦስት ከአንድ ይበልጣል።

ወረቀቱንስ? ወረቀቱ ይቀጥል። ነርሷ ካርዱ ላይ ትጻፍ፣ መዝገቡ ላይ ትገልብጥ፣ ጊዜ ከተረፋት ኮምፒውተሩ ውስጥ ታስገባ። ይህ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። ከዛምቢያ የመጣው ስማርትኬር የተባለ የሕክምና መዝገብ ሲስተም በቱሌን ዩኒቨርሲቲ እገዛ ወደ ሆስፒታሎቻችን በገባ ጊዜ አምስቱን ያዩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ወረቀቱ ከኮምፒውተሩ ጎን እንደቀጠለና አብዛኞቹ ተጠቃሚዎች እንዳልረኩ ጽፈው ነበር። ጥናቱን አታንብቡት፤ መንፈስ ይሰብራል። መብራት ሲሄድም አትደንግጡ። «ሲስተም የለም» ተብሎ መስኮቱ ላይ ይለጠፍ። ከአንኮበር ብርድ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ድረስ 40 ኪሎ ሜትር የመጣ ሰው ቢያንስ የሚያነበው ነገር አያጣም።

ሲስተሙን ከለጋሽ እጅ ለመቀበልም አትፈሩ፤ አንኮበር ስጦታ መቀበልን ከጥንት ጀምሮ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ሀሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጠመንጃና መድፍ ከእንግሊዝ መንግሥት ይዞ ሲመጣ፣ መድፉን የሚተኩሱትን ሰዎች ጭምር አስከትሎ ነበር፤ ራሱም እስከ 1843 ቆየ። ምን ያህል ኋላ ቀርነት ነው! የዛሬው ለጋሽ ሰልጥኗል፤ ሦስት ቀን አሠልጥኖ፣ የምስክር ወረቀት አድሎ፣ በአራተኛው ቀን መኪናዋ ጣርማ በርን አቋርጣለች ወይም አዲስ አበባ ገብታለች። የሠለጠነው ልጅ ደግሞ በወሩ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄዳል፤ ሰርቨሩ የተቀመጠበትን ክፍል ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ረስቶ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አትዘኑ። ሰርቨሩ አቧራ ሲጠግብ ሌላ ሲስተም ይመጣል፤ በሌላ ስም፣ በሌላ ለጋሽ፣ በሌላ ቀለም ሪባን። ቅድመ ዝግጅቱ አሁኑኑ ይጀመር፤ ኮሚቴ ይቋቋም፣ የአበል ዝርዝር ይዘጋጅ። ሥልጠናውንም ደብረ ብርሃን ላይ እናድርገው የሚል የዋህ ከተነሣ ብርዱን አስታውሱትና አዳማ ላይ ሆቴል ያዙ።