የቅርጫት ኳስ ባሕረ ሐሳብ

በዚህ በአሜሪካ አገር ቅርጫት ኳስ ለማየት ዓይን ብቻ አይበቃም፤ ሂሳብ ሹም መሆን ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ከሂሳብ ሹምነት ተገላግዬ የመጣሁ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ፔሮል ላይ ስም ስደረድር፣ «ጋሼ፣ ደመወዝ መቼ ነው?» ስባል ኖሬ፣ በስተርጅና ከልጅ ልጄ ጎን ሶፋ ላይ ተቀምጬ ኳስ ልይ ብል፣ የሸሸሁት ፔሮል ቴሌቪዥን ውስጥ ገብቶ ጠበቀኝ።

ጆን ዎልን ውሰዱ። የከተማችን ክለብ ዋሽንግተን ዊዛርድስ በ2010 መርጦ ካመጣው ጀምሮ የእኔ ልጅ ያልኩት ተጫዋች ነበር። ስሙ አጭር፣ ሩጫው መብረቅ። በዲሴምበር 2020 ወደ ሂዩስተን ሰደዱትና በምትኩ ራስል ዌስትብሩክ መጣ። «ምን አጥፍቶ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። የልጅ ልጄ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «አባባ፣ ምንም አላጠፋም፤ ደመወዛቸው ስለገጠመ ነው መቀያየር የተቻለው» አለኝ። እውነትም የሁለቱም የዚያ ዓመት ደመወዝ 41 ሚሊዮን ዶላር ከፍርፋሪ ነበር። ፍርፋሪዋ እንኳ የእኔን መሥሪያ ቤት ከዘበኛ እስከ ሥራ አስኪያጅ ስታስተዳድር ትኖር ነበር። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ሊጉ ያወጣውን የደመወዝ ጣሪያ ያለፈ ክለብ የሚቀበለው ደመወዝ ከሚሰጠው ጋር መቀራረብ አለበት። ታዲያ ዎል ሂዩስተን በደረሰ በሁለተኛው ዓመት ምን ሆነ? ያንን ሁሉ ደመወዝ የሚሸከም ሌላ ክለብ ጠፋና፣ ሰውየው የ2021-22ን የውድድር ዘመን አንድም ጨዋታ ሳይጫወት 44 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ አሳለፈ። እኛ ዘንድ ግማሽ ቀን የቀረ ሰው ደመወዙ ይቆረጥበት ነበር!

የክፍያው ቀን ራሱ ጉድ ነው። ተጫዋች በተለምዶ የዓመቱን ደመወዝ በ24 ከፍሎ፣ በፈረንጅ ወር በ1 እና በ15 ነው የሚቀበለው፤ የመጀመሪያው ቼክ የሚወጣው ኖቬምበር 15 ነው። ይህ በእኛ ብዙውን ጊዜ ኅዳር 6፣ ቁስቋም ላይ ይውላል። በበጋ የፈረመ ተጫዋች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ዲሴምበር 15 አይዛወርም። ዋስትና የሌለው ውል ጃንዋሪ 10 ሲደርስ ይጸናል፤ ስለዚህ ሊያሰናብቱት ያሰቡትን ከዚያ በፊት ያሰናብቱታል። ከዚያ ፌብሩዋሪ ሲገባ የዝውውሩ በር ይዘጋል። እንግዲህ መጥቅዕና አበቅቴ ማውጣት የሚችል ደብተራ ካልሆነ በቀር፣ ማን መቼ እንደሚሄድ ማን ያውቃል? ባሕረ ሐሳብ ያልተማረ ሰው ኳስ ማየት የተከለከለበት ዘመን ላይ ደረስን።

ልጁ «አባባ፣ ቀላል እኮ ነው» ሲለኝ እልህ ያዘኝና ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣሁ። በዓመት 17.4 ሚሊዮን ዶላር የሚያገኝ አንድ ተጫዋች አለ እንበል። የ2024-25 መደበኛ ውድድር ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው 174 ቀን ነበር፤ ስለዚህ ሰውየው ተኝቶ ያደረበትም ቀን ሳይቀር በቀን 100 ሺህ ይታሰብለታል። የዝውውሩ መዝጊያ ፌብሩዋሪ 6 ነበር፤ በእኛ ጥር 29፣ በዓለ ወልድ። እስከዚያ 108 ቀን አልፏል። የዚያን ዕለት ቢዛወር የቀድሞው ክለብ ድርሻ 10.8 ሚሊዮን፣ የአዲሱ 6.6 ሚሊዮን ነው። እስከዚህ ድረስ እጄን አንስቼ አጸድቃለሁ። እኛም ሠራተኛ ሲዛወር ክሊራንሱን አስጨርሰን፣ ደመወዙ እስከ የትኛው ቀን እንደተከፈለው በደብዳቤ ገልጸን ነበር የምንሸኘው።

ጉዱ ከዚህ በኋላ ነው። የቅንጦት ታክስ የሚሉት ነገር አላቸው። ከተወሰነው ልክ በላይ ደመወዝ የቆለለ ክለብ ለሊጉ ይከፍላል። ታክሱ ግን የሚሰላው ክለቡ በእጁ በከፈለው ገንዘብ አይደለም፤ መደበኛው ውድድር ሲያበቃ መዝገቡ ላይ በተገኘው ነው። ተጫዋቹ በተዛወረ ጊዜ የዓመት ደመወዙ በሙሉ፣ 17.4 ሚሊዮኑ እንዳለ፣ አዲሱ ክለብ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። 10.8 ሚሊዮኑን የከፈለው የቀድሞው ክለብ በመዝገብ ሲታይ ሰውየውን አያውቀውም! ከታክሱ መስመር ያን ያህል ያለፈ ክለብ ከነበረ፣ በምትኩ ምንም ደመወዝ ሳይቀበል ጣሪያው ሥር ቦታ ላለው ክለብ ቢያስረክበው፣ በዚያ ዓመት ተመን ቢያንስ 26 ሚሊዮን ታክስ ተረፈው። ከዚህም አልፎ አንድ ክለብ በዓመት ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብ ከዝውውር ጋር መላክ ይፈቀድለት ስለነበር፣ የቀረችውን 6.6 ሚሊዮንም አብሮ ቢሸኛት አዲሱ ክለብ ከኪሱ ሰባራ ሳንቲም አያወጣም። ከመስመሩ በታች የዋሉት ክለቦች ደግሞ ከሌሎች ታክስ ገሚሱን ይካፈላሉ። ይህን እኔ አንድ ቀን ብሞክረው ኦዲተር ከነወንበሬ ይወስደኝ ነበር።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የ2008ቱን ነው። ሌከርስ ፓው ጋሶልን ከሜምፊስ ሊያመጣ ፈለገ፤ ደመወዙ አልገጥም አለ። ፈልገው ፈልገው አሮን መኪን አገኙት። መኪ በዚያን ጊዜ ፊላደልፊያ ውስጥ ያለ ክፍያ አሰልጣኞችን የሚያግዝ ሰው ነበር። እሱን የማስፈረም መብት ያኔም ሌከርስ እጅ ስለነበር አስፈርመውት ወደ ሜምፊስ «አዛወሩት»። ለሜምፊስ አንዲት ደቂቃ አልተጫወተም። ሌከርስ በጋሶል በ2009 እና በ2010 ዋንጫ በላ። በዚያው ዓመት ዳላስ ጄሰን ኪድን ከኒው ጀርሲ ሲያመጣ ደግሞ፣ ከ2006 ወዲህ ሜዳ ያልረገጠውን ኪት ቫን ሆርንን ከቤቱ ጠርተው በ4.3 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙት፤ ለኒው ጀርሲም ሰጡት። እሱም አልተጫወተም። ከልጆቹ ጋር ቤቱ የተቀመጠን ሰው፣ ደመወዙ ሚዛን እንዲያስተካክል ብቻ! እኔ ፔሮል ላይ የሌለ ሰው ስም እንዳይገባ ስንት ሌሊት ሳመሳክር አደርኩ፤ እነዚህ ስም ሲያስገቡ ጋዜጣ ላይ ይወጣላቸዋል። እኔም ስልኬን ከፍቼ መጠበቅ ጀምሬአለሁ፤ ቁመቴ ባይበቃም ለመፈረም ማን ያንሳል?

ማዛወር ሲያቅታቸው ደግሞ ደመወዙን ይለጥጡታል። የጎረቤታችን የደቡብ ሱዳን ልጅ ሉኦል ዴንግ በ2018 ከሌከርስ ሲሰናበት የቀረው ገንዘቡ ለዓመታት ተበትኖ፣ በ2019 ጡረታ ከወጣ በኋላም በየዓመቱ ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር በሌከርስ መዝገብ ላይ እስከ 2022 ቆየ። ጡረታ ማለት እንዲህ ነው እንጂ። በ2025 ሚልዋኪ ዴሚያን ሊላርድን ሲያሰናብት ደግሞ የቀረውን ወደ 113 ሚሊዮን ዶላር ለአምስት ዓመት ዘረጋው። የሌለ ሰው ደመወዝ ጣሪያውን ይዞ ይቀመጣል፤ ያለው ሰው ቦታ ያጣል።

አሁን ይኸው ልጅ ጀርባው ላይ ስም ያለበት ማልያ ካልገዛህልኝ ብሎ ይዞኛል። ዋጋው ከመቶ ዶላር በላይ ነው። የፌብሩዋሪው በር ሳይዘጋ አንዲት ሳንቲም አላወጣም ብዬዋለሁ። የቫን ሆርንን ካገኘ ግን ዛሬውኑ እከፍላለሁ፤ እሱ ከእንግዲህ የትም አይዛወርም።