እኔም ተልባ ጠጥቻለሁ

የዚህ አገር ሰው ብዙ ነገር ያውቅበታል፤ መናደድ ግን አያውቅበትም። ሲናደድ ዘግይቶ ነው፤ ያውም ጎረቤቱ ባጠፋው። ይህን የምለው ኦክላንድ ውስጥ ሸምግዬ፣ ጸደይ ከገባ ጀምሮ ከቤዝቦል ሌላ ነገር በማይታይበት ቤት ከልጅ ልጄ ጋር ስለምኖር ነው። ዜና ልስማ ብል "አባባ ዝም በል፣ ዘጠነኛው ኢኒንግ ነው" ይለኛል። በእኛ ጊዜ አያትን "ዝም ይበሉ" ማለት እንኳ ነውር ነበር። ይኼኛው ዝም ሲያሰኘኝ አንቱታዬንም አብሮ ወሰደው። ከዚያ ደግሞ አብሬው እንድናደድ ይፈልጋል! በማን? ስቴሮይድ በወሰደ ተጫዋች፤ የእኛ አገር ጋዜጠኞች አበረታች ቅመም የሚሉትን በዋጠ ሰው። የዋጠው የሌላ ቡድን ሰው ከሆነ ሌባ ነው። የራሱ ቡድን ሰው ከሆነ ደግሞ "አባባ፣ ነገሩ ውስብስብ ነው።"

ምኑ ነው የተወሳሰበው? ከመጀመሪያው ላውራውና ፍረዱኝ። የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ጉዱም የእነሱ ነው።

በሱዳን በኩል ዞሬ እዚህ ከተማ ስገባ የኦክላንድ አትሌቲክስ ሁለት ግዙፍ መቺዎች ነበሩት፤ ሆሴ ካንሴኮና ማርክ ማክጓየር። ኳሷን ከአጥር ባሻገር በላኩ ቁጥር (ሆም ራን ይሉታል) እንደ ሰው አይጨባበጡም፤ ክንድ ለክንድ ይጋጫሉ። የአንዳቸው ክንድ የእኔን ጭን ያህላል። እኔ በስደት ከስቼ የመጣሁ ነኝና "እዚህ አገር ምን ቢበሉ ነው?" እያልኩ እገረም ነበር። ሌላው ሰው ግን ምን እንደሚበሉ ሳይጠረጥር አልቀረም። በ1988 ኦክቶበር ላይ ቡድኑ ቦስተን ሄዶ ሲጫወት፣ አንድ የዋሽንግተን ፖስት ጸሐፊ ካንሴኮ ስቴሮይድ ይወስዳል ብሎ በቴሌቪዥን ተናግሮ ስለነበር፣ የቦስተን ደጋፊ "ስቴ-ሮይድ! ስቴ-ሮይድ!" እያለ ዘመረበት። ካንሴኮ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፈገግ ብሎ ክንዱን ወጠረላቸው። ልብ በሉ፣ ይህ 1988 ነው። ከዚያ ወዲህ "እኛ እኮ አላወቅንም ነበር" የሚለኝን ሰው አልሰማውም፤ ጆሮዬም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም።

በ1994 ተጫዋቾችና የክለብ ባለቤቶች በገንዘብ ተጣልተው የሥራ ማቆም አድማ ተመታ። ዎርልድ ሲሪስ የሚሉት የፍጻሜ ግጥሚያ ከ1904 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይካሄድ ቀረ። (ዎርልድ ይበሉት እንጂ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ የተጠራ ዓለም የለም። ይህም ያናድደኛል፤ ግን ለሌላ ቀን ይቆየኝ።) ደጋፊው አኩርፎ ስታዲየም አልረግጥም አለ። ማን አስታረቀው? በ1998 ማክጓየር በሴንት ሉዊስ ማልያ፣ ሳሚ ሶሳ በቺካጎ ካብስ ማልያ ተነሡና የሮጀር ማሪስን የ1961 ክብረ ወሰን፣ በአንድ የውድድር ዓመት 61 ሆም ራን፣ ለመስበር ይሽቀዳደሙ ጀመር። አገሩ አበደ። ኩርፊያው ተረሳ፤ ስታዲየሙ ሞላ።

በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ስቲቭ ዊልስቲን የተባለ የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኛ በማክጓየር ሣጥን ውስጥ አንድ ጠርሙስ አይቶ ምንነቱን ጻፈ። አንድሮስቴንዲዮን ይባላል፤ በኦሊምፒክ የተከለከለ፣ በቤዝቦል ግን ያኔ ያልተከለከለ፣ ሱቅ ውስጥ ይሸጥ የነበረ ክኒን። ሕዝቡ በማን የተቆጣ ይመስላችኋል? በጋዜጠኛው! የሰው ሣጥን ምን አስመለከተህ ተብሎ ተረገመ። የማክጓየር አሰልጣኝማ የጋዜጠኛው ድርጅት ከነጭራሹ ከልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ይባረርልኝ ብሎ ነበር። የክኒኑ ገበያ ደራ። ሴፕቴምበር 8 ማክጓየር 62ኛዋን ሲመታ የማሪስ ልጆች ስታዲየም ተቀምጠው ነበር፤ ሄዶ አቀፋቸው። ተፎካካሪው ሶሳም ሮጦ መጥቶ አቀፈው። በዓመቱ መጨረሻ ማክጓየር 70፣ ሶሳ 66 መቱ። በማግስቱ ዓመት ሴንት ሉዊስ ውስጥ አንድ አውራ ጎዳና በማክጓየር ስም ተሰየመ።

ከዚያ በ2005 ካንሴኮ መጽሐፍ ጻፈ። እኔም ወስጃለሁ፣ እገሌንም ወግቼዋለሁ እያለ አንድ በአንድ ዘረገፈው። ያን ጊዜ አገሩ "እንዴት ተደርጎ!" ብሎ ደነገጠ። በ17 ዓመቱ መሆኑ ነው። ማርች ላይ የአገሪቱ ምክር ቤት ተጫዋቾቹን ጠርቶ ጠየቀ። ማክጓየር ስላለፈው ለማውራት አልመጣሁም አለ። ታዲያ ስለምን ሊያወራ ነው የመጣው? ስለ አየሩ? ራፋኤል ፓልሜሮ ጣቱን እየቀሰረ ስቴሮይድ ፈጽሞ ወስጄ አላውቅም አለ፤ ኦገስት ላይ በምርመራ ተገኝቶበት ታገደ። ቅጣቱን ጨርሶ ሲመለስ ጩኸቱ በዛበትና ቶሮንቶ ላይ ጆሮውን በመድፈኛ ደፍኖ ሊመታ ወጣ። ሶሳ ደግሞ፣ ያ በቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ሲቀልድ የከረመው ሰውዬ፣ መግለጫውን በጠበቃው አስነበበ። እሱን እንኳ አልፈርድበትም። እኔም የቤት ኪራይ ጭማሪ ደብዳቤ ሲመጣ እንግሊዝኛዬ ብን ብሎ ይጠፋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ። ባሪ ቦንድስ በ2001 ለሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ በአንድ የውድድር ዓመት 73 ሆም ራን መታ። 37 ዓመቱ ነበር፤ እኔ በዚያ ዕድሜ ወገቤን ይዤ ነበር ከወንበር የምነሣው። በ2003 መርማሪዎች ከባሕሩ ማዶ በርሊንጌም የምትገኘውን ባልኮ የተባለች ድርጅት በረበሩ። ለስፖርተኞች ሁለት ነገር ታቀርብ ኖሯል፤ ከምላስ ሥር የሚንጠባጠብ ፈሳሽና ሰውነት ላይ የሚቀባ ክሬም። ሁለቱም በጊዜው ምርመራ እንዳይገኙ የተዘጋጁ ነበሩ። ቦንድስ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለምርመራ ቀርቦ በመሐላ ሲጠየቅ፣ የግል አሰልጣኜ የሰጠኝ የተልባ ዘይትና የቁርጥማት ቅባት መስሎኝ ነበር አለ።

ተልባ!

እኔ ተልባ ዕድሜ ልኬን ጠጥቻለሁ። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ በውኃ ተበጥብጦ፣ ሁዳዴ በገባ ቁጥር ጠጥቻለሁ። ለጨጓራ ጠጥቻለሁ፤ ለሆድ ድርቀት ጠጥቻለሁ፤ እናቴ ስላዘዘችኝ ብቻም ጠጥቻለሁ። ደረቴ አልሰፋ፣ ባርኔጣዬ አልጠበበኝ፣ እንኳን ኳስ ከአጥር ላሻግር የልጅ ልጄን ለመቆንጠጥ እንኳ አልደርስበትም። ተልባ ሆም ራን የሚያስመታ ቢሆን ኖሮ የጎጃም መነኮሳት ኳሷን ቀይ ባሕር በከተቷት ነበር። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ያሉት አባቶቻችን ስለ ቦንድስ ዱላ ሰምተው አያውቁም እንጂ፣ የተልባን አቅም እነሱ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ሳን ፍራንሲስኮ ግን አመነ፤ ወይም ማመኑ ተመቸው። በጃያንትስ ስታዲየም ጀርባ ባሕሩ ላይ በታንኳ ሆነው ከአጥር ያለፈች ኳስ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ሥራ ፈቶች እንዳትሉ፣ ሐኪምም ጠበቃም አይጠፋባቸውም። ለእነሱ ቦንድስ የላካት ኳስ በምን ጉልበት እንደመጣች መጠየቅ ምን ይጠቅማል? ከከተማው ውጭ ግን ሰውዬው መድረሻ አጣ። በ2006 የመክፈቻ ዕለት ሳን ዲዬጎ ውስጥ አንድ ተመልካች መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ወደ ሜዳው ወረወረበት። በፊላደልፊያ ደግሞ ከእሱ በፊት የነበሩትን የሆም ራን ጀግኖች ጠርተው፣ ቤብ ሩት በቢራና በሆት ዶግ፣ ሃንክ አሮን በጨዋነት ካደረጉት፣ አንተ በምን አደረግኸው የሚል ትልቅ ጽሑፍ ዘረጉለት። ይቺን እንኳ ወድጃታለሁ፤ ቅኔ አይደለችም፣ ግን ወደ ቅኔው ሠፈር ደርሳለች።

በ2007 ኦገስት 4 ቦንድስ በዕድሜ ዘመኑ 755ኛዋን ሆም ራን መትቶ ከአሮን ክብረ ወሰን ጋር ሲተካከል፣ የቤዝቦል ኮሚሽነር የነበረው በድ ሴሊግ ሳን ዲዬጎ ስታዲየም ውስጥ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆመ። ማጨብጨብም መውጣትም አቃተው። እኔ ጉባኤ ላይ እንዲህ ብቆም ባለቤቴ በክርኗ ትነካኝ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ 756ኛዋ መጣች፤ ርችት ተተኮሰ፤ የልጅ ልጄ አባት አለቀሰ። ኳሷን አንድ የልብስ ነጋዴ በ752,467 ዶላር ገዛትና ምን ላድርጋት ብሎ ሕዝቡን ድምፅ አሰጠ። በሮኬት ወደ ጠፈር ትላክ የሚለውም ከምርጫዎቹ አንዱ ነበር። ሕዝቡ የኮከብ ምልክት ተደርጎባት ኩፐርስታውን ወደሚገኘው የዝነኞች አዳራሽ ትሂድ አለ። እንደተባለው ሆነ።

ሌሎቹን በሩጫ ልለፋቸው፤ ቡናው እየቀዘቀዘብኝ ነው። ማኒ ራሚሬዝ በ2009 ለሴቶች የመካንነት ሕክምና በሚታዘዝ መድኃኒት ምክንያት 50 ጨዋታ ታገደ፤ ሲመለስ ሎስ አንጀለስ በእልልታ ተቀበለችው። ራያን ብራውን በ2013 ታገደ፤ በማግስቱ ዓመት ሚልዋኪ ቆማ አጨበጨበችለት። ማክጓየር በ2010 አዎ ወስጃለሁ ብሎ አለቀሰ፤ የሴንት ሉዊስ ሰዎችም ቆመው አጨበጨቡለት። ጎዳናውን ግን ነጠቁት፤ በዚያው ዓመት በደራሲው በማርክ ትዌይን ስም ተሰየመ። ማርክ የሚለውን እንዳለ ትተው የኋላውን ብቻ መቀየራቸው ነው፤ ከተናደዱም አይቀር ቀለም ቆጥበው ተናደዱ።

ሳን ዲዬጎን ግን በሩጫ አላልፋትም። ያ ሲሪንጅ የተወረወረባት ከተማ በ2022 የራሷ ልጅ ተያዘባት። ፈርናንዶ ታቲስ ጁኒየር ክሎስቴቦል የሚባል ስቴሮይድ ተገኝቶበት 80 ጨዋታ ታገደ። ምን ሆኜ ነው አለ? ጭርት! ለጭርት በተቀባሁት መድኃኒት ውስጥ ገብቶ ነው አለ። እኛ ጭርት ሲወጣብን ነጭ ሽንኩርት እናሽበት ነበር፤ ሽታው ሰው ከማራቁ በቀር ጉልበት ሲጨምር አላየሁም። በ2023 ሲመለስ በሰው ሜዳ "ስቴሮይድ ወስዷል!" እያሉ ሲዘምሩበት እሱ በዜማው ጨፈረ። ሳን ዲዬጎስ? ተቀበለችው፤ እልል አለች። ሲሪንጅ የወረወረ አንድ ሰው አልተገኘም።

የልጅ ልጄ የጃያንትስ ደጋፊ ነውና በታቲስ ላይ ጮኸ፣ ተራገመ፣ ትራስ ወረወረ። እኔም "ያንተው ሰውዬ ተልባ፣ የእነሱ ልጅ ጭርት፤ ልዩነቱ ማልያው ብቻ ነው" አልኩት። ዝም አለ። አሸነፍኩት ብዬ ቡናዬን ሳነሣ፣ ዞር ብሎ "አልማዝስ?" አይለኝም?

አልማዝ አያና! በ2016 ሪዮ ላይ 10,000 ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ገብታ፣ ከ1993 ጀምሮ የቆየውን የቻይናዊቷን ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ የቆረጠችውን ልጅ! ያኔም ፈረንጆቹ ወዲያው ተጠራጠሩ፤ እሷም ዶፒንጌ ልምምዴና ኢየሱስ ነው ብላ ዘጋቻቸው። "እሷን ተዋት!" አልኩት። "እሷ የቤኒሻንጉል አየር ነው ያሳደጋት። በእግሯ ነው የሮጠችው። ደግሞ ምንም አልተገኘባትም!" ልጁ ቀስ ብሎ "ቦንድስም እኮ በቤዝቦሉ ምርመራ ስቴሮይድ ተገኝቶበት አልታገደም፤ በ2011 የተፈረደበትም ምርመራ በማደናቀፍ ነው፣ እሱም በ2015 ተሽሮለታል" አለኝ። አየሩን ረሳው! ከፍታውን ረሳው! የእኛን ልጅ ከዚያ ከተልባ ጠጪ ጋር ምን አገናኛት? ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስነግረው ይስቃል። ምኑ እንዳሳቀው እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ለማንኛውም ሽማግሌ ነኝና ሳልፈርድ አልነሣም። ቦንድስ የዝነኞች አዳራሽ ለመግባት በጋዜጠኞች ድምፅ የነበረው የመጨረሻ ዕድል በ2022 አለፈው፤ 75 በመቶ ያስፈልገው ነበር፣ 66 አገኘ። ወርዋሪው ሮጀር ክሌመንስም እንዲሁ ቀረ። በዚያው ቀን ዴቪድ ኦርቲዝ ገባ፤ እሱም በ2003 በተጫዋቾች ላይ በተደረገው የአበረታች ቅመም ምርመራ ስሙ አለበት ተብሎ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ያስተባበለ፣ ግን ፈገግታው የሚወደድለት ሰው ነው። ኳሷ ከነኮከቧ እዚያው ኩፐርስታውን ናት። እጁን ኪሱ የከተተው ሴሊግም፣ ያ ሁሉ ክንድ ሲያብጥ፣ ያ ሁሉ ትኬት ሲሸጥ አለቃ የነበረው፣ በ2017 በክብር ገብቷል። እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፤ አለቃው ከገባ መቺዎቹም ይግቡ። በየሰሌዳቸው ላይ የዋጡትና የተቀቡት ይጻፍ፤ ከሥሩም ቆሞ ያጨበጨበው ሕዝብ በየከተማው ስም ይዘርዘር። አይሆንም የሚል ካለ መጀመሪያ ሴሊግን ያስወጣና ይምጣ።